ድርቧ ሃያ አምስት

ነሲባ ሙሄ ጡረታ ከወጣች ዓመት ሊሞላት ሲል ዓይኗን ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ሠርታለች። ጋዜጣ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ደንብ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ ያላነበበችው የለም። ጡረታው የጠዋት ሰርቪሷን ወሰደባት እንጂ ዓይኗን ሊያሳርፍላት አልቻለም። ከአፍንጮ በር ፒያሳ እስክትደርስ ታክሲው ውስጥ የተለጠፈውን ጥቅስ ሁሉ በልቧ ታርማለች። ምግብ ቤት ስትገባ ዝርዝሩን ሳታርም አታዝዝም። «ፍርፍር» የሚለው ቃል አንድ «ር» ጎድሎት ካየች ፍርፍሩም የጎደለ ይመስላታል።

አራሚነት ምስጋና የለውም። ስህተት ካለፈሽ ስምሽ ይጠራል፤ ካላለፈሽ መኖርሽን የሚያውቅ የለም። የነሲባ ስም በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ በስብሰባ ላይ ተጠርቷል፤ እሱም ባንድ ሳምንት ሁለት ማክሰኞ ያለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አሥር ሺህ ቅጂ ታትሞ ከተሠራጨ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰዓቷ የቆመች ቀን ነው። ፒያሳ ያለው ሁሉ ፈርሶ በተረፈ አንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ጋሽ ካላዩ የሚባሉ ሰዓት ሠሪ አሉ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት ናት። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሁልጊዜ ክራቫት ያስራሉ፤ በግራ ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ማጉያ ብዙ ጊዜ ማውለቅ ረስተው እንደ ሰኳት ማኪያቶ ሊጠጡ ይወጣሉ። የነሲባን ሰዓት ባትሪ ቀየሩና መልሷን ሰጧት። ነሲባ መዳፏ ላይ ያሉትን ሳንቲሞች አየችና ፊቷን ቋጠረች።

«ጋሽ ካላዩ፣ ይሄኛው ተሳስቷል።»

«ሒሳቡ?»

«ሒሳቡማ ልክ ነው። ሳንቲሙ ነው የተሳሳተው። ‹ብር› የሚለው ሁለቴ ተጽፏል።»

ጋሽ ካላዩ የያዙት ትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ከእጃቸው ወደቀ። የአንድ ብሩን ሳንቲም ተቀብለው ዓይናቸው ላይ ባለችው ማጉያ ሥር አዟዟሩት፤ ከዚያ እሷን አዩ፤ መልሰው ሳንቲሙን አዩ።

«በባዶ ዓይንሽ ነው ያየሽው?»

«መነጽሬን አድርጌያለሁ እኮ።»

«መነጽርማ እኔም አለኝ!» አሉና በርጩማ ሳቡላት። «ቁጭ በይ። ቁጭ በይ ነሲባ። ይሄ ያልሽው እኔ የምፈልገው ዓይነት አይደለም፤ የማሽን መንሸራተት ነው። ሳንቲሙ ሲመታ መምቻው ብረት ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ፊደሉን ገፋው። ዋጋ የለውም። ግን ይሄን ያየ ዓይን…» ንግግራቸውን አልጨረሱትም።

«ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ?»

ጋሽ ካላዩ ይህን ጥያቄ ለዓመታት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በረጅሙ ተነፈሱና አስረዷት። መምቻው ብረት ራሱ ምስሉን የሚቀበለው ከሌላ ብረት ነው፤ ያኛው ይጫነውና ይቀርጸዋል። ጥልቅ እንዲሆን ደግሞ ድጋሚ ይጫነዋል። በሁለተኛው ጊዜ የጸጉር ያህል ዘንበል ካለ ፊደሉ መምቻው ላይ ሁለት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያ መምቻ የመታው ሳንቲም ሁሉ…

«ሁሉም ድርብ ሆኖ ይወጣል!» አለች ነሲባ ከበርጩማው ብድግ ብላ። «ገባኝ! አንዱ ፕሌቱ ላይ፣ ጽሑፉ የተቀረጸበት ሰሌዳ ላይ፣ ያለ ስህተት ነው፤ ሌላው ወረቀቱ ሲያልፍ የተንሸራተተው። የፕሌቱ ከሆነ አሥር ሺህ ቅጂ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይደገማል።» ስለ አሥር ሺህ ቅጂ ማንም ሊነግራት አይችልም።

«ባለቤቴ ምብራት አርባ ዓመት አስረድቻት አልገባትም፤ አንቺ በአምስት ደቂቃ!» አሉ ጋሽ ካላዩ። መለያውንም ጨመሩላት፤ ማሽን የገፋው ፊደል ይቀጥናል፣ ጎኑም እንደ ጠፍጣፋ ደረጃ ይሆናል። እውነተኛው ድርብ ግን ፊደሉን ያወፍረዋል፤ ጫፉ ተሰንጥቆ ሁለት ጫፍ ያወጣል፤ ሁለቱም ሙሉና ክብ ናቸው።

ነሲባ በዚያ ቀን ወደ ቤቷ የተመለሰችው ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ሁሉ ታክሲው ውስጥ እያገላበጠች ነው። ረዳቱ ሲያያት ቆይቶ «ማዘር፣ ሳንቲሙ ላይ ዜና ወጥቷል እንዴ?» አላት። «ገና አልወጣም፤ ሲወጣ እነግርሃለሁ» አለችውና ብቻዋን ሳቀች። ስህተት አግኝታ ደስ ያላት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ማተሚያ ቤት ስህተት ስታገኝ ሠራተኛው ሁሉ ፊቱን ያጠቁርባት ነበር፤ እዚህ ግን በርጩማ ይሳብላታል።

በሳምንቱ ተመልሳ ስትሄድ ጋሽ ካላዩ ምስጢራቸውን ነገሯት። በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. አንድ የሃያ አምስት ሳንቲም እጃቸው ገብታ ነበር፤ አንበሳው ያለበት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ የሚለው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ላይ «ጵ» ሁለት ራስ ነበራት፤ ከዓመተ ምሕረቱም የመጨረሻዋ «፱» ድርብ ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ሲያይዋት አድረው ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ጥለዋት ሥራ ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ፓኮ ክብሪት ተቀምጧል።

«ምብራት?» አለች ነሲባ አፏን በእጇ ይዛ።

«ምብራት። ክብሪት አልቆብን ነበር።»

ነሲባ ሳቋን ለመዋጥ ሞከረች፤ አልቻለችም። ጋሽ ካላዩም ራሳቸው ከሷ ጋር ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኬክ ቤት ውስጥ የሚሰበሰቡ ሰባት የሚሆኑ ሳንቲምና ቴምብር ሰብሳቢዎች አሉ። ጋሽ ካላዩም ከነሱ አንዱ ናቸው። ስለዚያች ሳንቲም የነገሯቸው ቀን ማንም አላመናቸውም። በተለይ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዳኛ ገብረትንሣኤ «ማስረጃ የለም» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስማቸው «ድርቡ» ሆኖ ቀርቷል። ድርቡ መጣ፤ ድርቡ ሄደ፤ ለድርቡ ድርብ ማኪያቶ!

«ታዲያ ለምን አይፈልጓትም?» አለች ነሲባ።

«ያቺ ሄደች እኮ፤ ክብሪት ሆነች።»

«እሷማ ሄደች። ስህተቱ ግን መምቻው ላይ ከነበረ እህቶች አሏት። አንድ ብቻዋን ድርብ ሆና ልትወለድ አትችልም። እርስዎ ራስዎ አይደሉ የነገሩኝ?»

ጋሽ ካላዩ ማጉያቸውን ከዓይናቸው አወለቁ። ይህን ያውቁታል፤ ለሰው ሁሉ ሲያስተምሩት ኖረዋል፤ ለራሳቸው ግን ነግረውት አያውቁም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ፍለጋው ተጀመረ። ሃያ አምስት ሳንቲም አሁን ምንም አይገዛም፤ ታክሲም አይቀበለውም፤ ስለዚህ ያለው ሁሉ የሆነ ቦታ ተኝቶ ነው ያለው። ነሲባ የጎረቤት መሳቢያ አስከፈተች። ቸርችል ጎዳና ላይ መስቀልና የቆዳ ቦርሳ ለቱሪስት የሚሸጡትን ባለሱቆች የአሮጌ ሳንቲም ቅርጫታቸውን አስገለበጠቻቸው፤ አንዱ «እማማ፣ ሲያዩ ሦስተኛ ቀንዎ ነው፤ ወይ ይግዙ ወይ ይቀጠሩ» አላት። በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ «አገኘሁ!» እያለች ደረጃው ሥር ገባች፤ አሥራ አንዱም መንሸራተት ሆነው ተገኙ። ባሥራ ሁለተኛው እሷው ራሷ በሩ ላይ ቆማ «ተዉት፣ ጠፍጣፋ ነው» ብላ ተመለሰች። ጋሽ ካላዩ ይህን ሲሰሙ የተማሪያቸውን የምርቃት ንግግር የሰሙ ያህል ደስ አላቸው።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነሲባ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ አራዳ ውስጥ ያለችው የሀኒፋ ሱቅ ገባች። ሀኒፋ ቅመም፣ ምስርና ቅቤ የምትሸጥ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ መፍታት ስለማትወድ በዲጂታል ሚዛን አታምንም። ባለ ሁለት ሳህኑን አሮጌ ሚዛን ነው የምትጠቀመው።

«ግማሽ ኪሎ ምስር ስጪኝ» አለች ነሲባ።

ሀኒፋ ከባንኮኒው ሥር አፉ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ ግራጫ የጨርቅ ከረጢት አውጥታ አንዱ ሳህን ላይ ጣለችው። ቻ! አለ።

ነሲባ ባለችበት ደርቃ ቀረች። «ሀኒፋ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ግማሽ ኪሎ ነዋ።»

«እሱማ ነው። ግማሽ ኪሎ ምን?»

«ሳንቲም ነው፣ እትዬ ነሲባ። የብረቱን ግማሽ ኪሎ አንዷ ተውሳኝ ስትቀር አባቴ በጎረቤት ሚዛን ልክ ሳንቲም ሞልቶ ሰፋልኝ። ያው ሃያ አምስቱ ሁሉም እኩል ይመዝናል ብሎ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንዲት ግራም አልጎደለም፤ ወላሂ።»

«ሃያ አምስት ሳንቲም ብቻ?»

«ብቻ።»

ነሲባ ባንኮኒውን ያዘች። ከረጢት ሙሉ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው! ጉዳዩን ሁሉ፣ ስለ ጋሽ ካላዩ፣ ስለ ክብሪቱ፣ ስለ ሁለት ራሷ «ጵ» ባንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ሀኒፋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችና ከረጢቱን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ከተፈታ በኋላ አንድ ቢጎድል ደንበኛ ምን ይለኛል? ሀኒፋ ሚዛን ሰረቀች ነዋ! ስሜን በግማሽ ኪሎ ልሽጠው?»

ድርድሩ ሁለት ሰው ምስር ገዝቶ እስኪሄድ ድረስ ቆየ። በመጨረሻ ሀኒፋ በሦስት ነገር ተስማማች። ከረጢቱ የሚፈታው እዚሁ፣ በቀን፣ ዓይኗ እያየ ነው። የሚወጣ ሳንቲም ካለ በምትኩ ሌላ ሃያ አምስት ይገባል። መልሳ የምትሰፋው ደግሞ ራሷ ናት።

በማግስቱ ጋሽ ካላዩ ሱቃቸውን ዘግተው፣ አዲስ ክራቫት አስረው፣ ማጉያቸውንና አንድ እፍኝ ምትክ ሳንቲም ይዘው መጡ። ሀኒፋ ባንኮኒው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋች፤ ሲባጎውን በመቀስ ቆረጠችው። ሳንቲሞቹ ተዘረገፉ። ነሲባ መነጽሯን ጠርጋ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። ጋሽ ካላዩ ከሷ ቀጥለው በማጉያቸው ያያሉ፤ ሀኒፋ ደግሞ ሁለቱንም ታያለች።

ሃምሳ ያህል አለፉ። ምንም የለም። ሰባ አለፉ። በዚህ መሐል ነሲባ አንዷን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻት። ቃሉን እንደ ለመደችው ከግራ ወደ ቀኝ አነበበችው። ኢ። ት። ዮ። ጵ። እዚያ ላይ ዓይኗ ተደናቀፈ። ወደ ኋላ ተመልሳ አነበበች። «ጵ» ሁለት ራስ አላት። ሁለቱም ሙሉ፣ ሁለቱም ክብ። ወደ ዓመተ ምሕረቱ ወረደች፤ የመጨረሻዋ «፱» ወገቧ ወፍሯል፤ ጫፏ ተሰንጥቋል።

ሳንቲሟን በሁለት ጣት ይዛ ወደ ጋሽ ካላዩ ብቻ ዘረጋች። ጋሽ ካላዩ ተቀበሉ፤ ማጉያቸው ሥር አስገቡ፤ ትንፋሻቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ነው ሀኒፋ ጭንቀቷን ለመርሳት ልትመዝነው ከኋላዋ ያነሳችው የሚጥሚጣ ከረጢት አፉ የተከፈተው።

ጋሽ ካላዩ አነጠሱ። ማነጠስ ቢሏችሁ፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጣ። ማጉያዋ ከዓይናቸው ተፈናጥራ በክሯ ደረታቸው ላይ ተንጠለጠለች። ሳንቲሟ ግን ከጣታቸው አምልጣ በነሲባ ራስ ላይ በረረችና ጥግ ላይ አፉን ከፍቶ የቆመው የምስር ጆንያ ውስጥ ጥልቅ አለች።



«ዋእ!» አሉ ጋሽ ካላዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ድጋሚ? ድጋሚ አጣኋት?»

«አልጠፋችም፤ ጆንያ ውስጥ ናት!» ጮኸች ነሲባ። ሦስቱም ባንዴ ጆንያው ላይ ተደፉ። ጋሽ ካላዩ የኮታቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበው ምስሩ ውስጥ ገቡ። ሀኒፋ «ምስሬን! ኧረ ምስሬን! በወንፊት! በወንፊት ይሁን!» እያለች ወንፊት አመጣች። ነሲባ ትነፋለች፣ ሀኒፋ ትቀዳለች፣ ጋሽ ካላዩ ደግሞ እያነጠሱ «ቀስ! ቀስ በሉ! እንዳትፋቅ!» ይላሉ። ምስር ለመግዛት የገባች ሴት ሽማግሌውን ጆንያ ውስጥ እስከ ብብታቸው ገብተው ስታይ «አይ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ይህን ሲሰሙ ሦስቱም ሳቅ ያዛቸው። ነሲባ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ሀኒፋ ወንፊቱን እንደ ያዘች ግድግዳ ተደገፈች። የጆንያው ሲሶ ያህል ሲቀር ወንፊቱ ላይ ቅጭል አለች።

«አላሁ አክበር!» አለች ሀኒፋ፤ ከሁለቱ ቀድማ ሳንቲሟን አንስታ ሳመቻት።

ጋሽ ካላዩ በመሀረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከሚጥሚጣው ይሁን ከሌላ ነገር ነሲባ አልጠየቀችም። «እሷ ናት» አሉ። «ራሷ ናት። በቃ። እንሂድ።»

«የት?» አለች ነሲባ። «አልጨረስንም እኮ። አንዷን ብቻ ይዘን ብንሄድ ዳኛው ‹ተንሸራትታለች› ይሉናል። ሁለት ከያዝን ግን፣ ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ ያህል ድርብ ከሆኑ፣ መምቻው ላይ ያለ ለመሆኑ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

ሀኒፋ የሱቁን በር ገርበብ አደረገች፤ የሚጥሚጣውንም ከረጢት አፉን አሰረችው። እንደገና ተቀመጡ። ዘጠና። መቶ። አሁን ሀኒፋም እያነሳች «ይሄስ? ይሄስ?» ማለት ጀምራለች። ነጩ ጨርቅ ላይ አሥር የማይሞሉ ሲቀሩ ነሲባ «ጋሽ ካላዩ» አለች፤ በጣም ቀስ ብላ፣ ጮክ ብትል ሳንቲሟ የምትበርርባት ይመስል። «እህቷ መጣች።»

ጋሽ ካላዩ ስልካቸውን አወጡ። ምብራት ጋ ደወሉ።

«ምብራት! አገኘኋት!»

«ምኗን?»

«ሃያ አምስቷን! ክብሪት የገዛሽባትን! ማለቴ እህቷን። ሁለት እህቶቿን!»

የምብራት ድምፅ ሱቁን ሞላው። «እሰይ! ተመስገን አምላኬ! ካላዩ፣ እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ክብሪት ስጭር ዓይን ዓይኔን ብታየኝ ነግሬሃለሁ!»

ሀኒፋ ሁለት ምትክ ሳንቲሞች አስገብታ፣ በጎረቤት ሚዛን አረጋግጣ ከረጢቱን ሰፋች። ሁለቱን ድርቦች ግን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው። «የኔ ናቸው። ያለኔ የትም አይሄዱም። ቅዳሜ ነው ያላችሁት? ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኬክ ቤቱ ውስጥ የተሰበሰቡት ሰዎች ጋሽ ካላዩ ከሁለት ሴቶች ጋር ሲገቡ አይተው «ድርቡ ዛሬ በድርብ አጃቢ መጣ!» ብለው ሳቁ። ዳኛ ገብረትንሣኤ ግን አልሳቁም። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ችሎት ከተዉ ሃያ ዓመታቸው ቢሆንም ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ምን ይዛችሁ ነው?» አሉ።

ሀኒፋ ቋጠሮዋን ፈታች። ሳንቲሞቹን የማኪያቶው ሳህን ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ዳኛው የእጅ ማጉያቸውን አውጥተው የመጀመሪያዋን አዩ። አገላበጡ። ወደ መስኮቱ ወሰዱ።

«መንሸራተት ሊሆን ይችላል» አሉ።

ነሲባ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አለቃ ሲናገር ዝም ማለት ለምዳለች። አሁን ግን ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ይቅርታ፣ ክቡር ዳኛ። መንሸራተት ፊደሉን ያቀጥነዋል። ይሄ ግን አወፍሮታል። ደግሞ ሁለተኛዋን ይመልከቷት። የ‹ጵ› ሁለተኛ ራስ ስንት ያህል ወደ ግራ እንደ ወጣ፣ የ‹፱› ጫፍ የት ላይ እንደ ተሰነጠቀ ይዩና መልሰው የመጀመሪያዋን ይዩ። አንድ ማሽን ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ያህል ሊንሸራተት አይችልም። ማተሚያ ቤት ነው የኖርኩት። ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ካየሁ ወደ ማሽኑ አልሄድም፤ ፕሌቱን ነው የማስመጣው።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ሳንቲሞቹ ተመለሱ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። አንዱ ሰብሳቢ ሊያስል ሲል ሌላው በክርኑ መታው። ጋሽ ካላዩ የክራቫታቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ይፈቱታል።

ዳኛ ገብረትንሣኤ ማጉያቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ካላዩ» አሉ። «በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ማስረጃ የለም ብዬ ነበር።»

«ብለው ነበር።»

«ማስረጃ አልነበረህም። እውነት ግን ነበረህ። ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።» እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ካላዩ እጁን ትተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ፤ ዳኛውም ሳይወዱ በግድ መሬቱን ለቀቁ። ኬክ ቤቱ ባንድ እግሩ ቆመ። አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው ያፏጫል፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ የማታውቀው ገንዘብ ያዧ ሳትቀር እልል አለች። ነሲባ ደግሞ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሁሉ ከበዋት «የኔን ሳጥን ያዩልኛል?»፣ «እህቴ፣ መጀመሪያ የኔን!» ሲሏት ለማን እንደምትመልስ ጠፋት። ፊቷ እንደ ልጃገረድ ቀላ። በዕድሜዋ ሙሉ ስህተት እንድታገኝለት የለመናት ሰው አልነበረም።

አንደኛው በሀኒፋ ጆሮ ዋጋ ሹክ አላት። ሀኒፋ ሳቀች። ሌላው ጨመረላት፤ የባሰ ሳቀች። «ይሄን የሚያክል ሰው ለሃያ አምስት ሳንቲም ሲለምነኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ተዉኝ ትንሽ ልደሰትበት!» አለች። ከዚያ አንዷን ሳንቲም አንስታ ጋሽ ካላዩ መዳፍ ላይ አድርጋ ጣቶቻቸውን አጠፈችላቸው። «ይቺ የርስዎ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ተቀልዶብዎታል፤ ምስሬም ውስጥ ገብተዋል። ሁለተኛዋ እኔ ጋ ትቀመጣለች፤ ሊያያት የፈለገ ሱቄ ይምጣ። ባዶ እጁን የሚሄድ ግን የለም፤ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ምስር ይገዛል።»

«አሁን ክፍት ነው?» አሉ ዳኛው።

ሰልፍ ሆነው ወጡ። ሀኒፋ ፊት ፊት ትመራለች፤ ጋሽ ካላዩና ዳኛው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይከተላሉ፤ ሌሎቹ እየተሽቀዳደሙ ያወራሉ፤ ነሲባ መሐል ላይ ናት። አደባባዩ ላይ የቆመው ወጣት የትራፊክ ፖሊስ ክራቫት ያሰሩ አዛውንቶች እየሳቁ መንገድ ላይ ሲወጡ አይቶ መኪናውን ሁሉ አቆመ።

«አባቶች፣ ምን ተገኘ? ሠርግ ነው?»

«ሃያ አምስት ሳንቲም!» አሉ ጋሽ ካላዩ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ እያነሱ።

ፖሊሱ ግራ ተጋብቶ ነሲባን አያት። ነሲባ ልታስረዳው አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ቀደማት። እንባዋ እየወረደ በእጇ ለሽማግሌዎቹ «እለፉ፣ እለፉ» ብቻ አለች፤ የቆሙት ታክሲዎች ጥሩምባቸውን እየነፉላቸው ሁሉም ተሻገሩ።